አምስት ፊደል

የርዕሱ ሣጥን ጠባብ ነበር፤
ከስልሳ ፊደል ወዲያ አይጨመር።
ሲሞላ ይቀላል፤ ሲቀላ እቆርጣለሁ፤
በቀን ሦስት አራቴ ይህንን አደርጋለሁ።

የባሕር ጣቢያው ሰዎች ጥናት ሲጨርሱ ለኔ ይልካሉ፤
ከቁጥር ወደ ቃል «መልስልን» ይላሉ።
ፎቶ እየመረጥኩ፣ ማስፈንጠሪያ እያሰርኩ፣
ስንቱን የሰው ድካም በአንድ ጣት ላክኩ።

ያን ማክሰኞ ማታ ዝናብ ነበረ፤
(ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ መቼ ቀረ?)
የኢሶልዳ ቺጓይ ጽሑፍ ሲገባልኝ
አርባ ሁለት ገጹ እንቅልፌን ወሰደብኝ።

ሦስት ክረምት ሙሉ በጀልባ ወጥታ፣
ዛጎል አርቢዎቹ ገመድ ሥር ተጠግታ፣
እጇ በጨው ውሃ እስኪሰነጠቅ
ጥቁር ዛጎል ለቅማ፣ ሥጋውን ስትፈለቅቅ፣
መርዙን ስትመዝን፣ ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣
ያገኘችው ይህ ነው፣ በጥንቃቄ ሲመዘዝ፦
«በሰሜኑ ሰርጥ፣ ውሃው ሲሞቅ፣ ምናልባት
ዛጎሉ መርዝ ይዞ ይቆያል ለወራት።»

ምናልባት። አምስት ፊደል ናት።

ርዕሱ ቀላብኝ። ቆጠርኩት፤ አምስት ነው የተረፈው።
አንድ ቃል ብነሣ ሁሉም ነው የሚያርፈው።
ነሣሁት። አረፈ። አረንጓዴ ሆነ።
ጫንኩት።
ሄደ።
በነነ።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባል የለ ወትሮ፤
አፋፍስ ደግ ነው፣ መጨረሻ አለው ዞሮ፤
ይኸኛው ግን ቁልቁል፣ ወለል የሌለው ነው፤
እስኪነጋ ድረስ ስንቱ ተቀባበለው!
አንዱ «ለወራት»ን በ«ለዓመት» ተካበት፣
አንዱ የሞተ ዓሣ ፎቶ ደረበበት፣
የኢሶልዳን ስም ግን ማንም አልጻፈበት።

ረፋድ ላይ ዛጎል የጫነ መኪና ከወደቡ ተመለሰ፤
የምግብ ቤቱ ጌታ ከሰሌዳው ላይ ስሙን በጨርቅ አበሰ።

እርማት ጻፍኩኝ፤ ያችን ቃል መለስኩ፤
«ይቅርታ» ጨመርኩ፤ ደግሜ ለቀቅኩ።
የፊተኛውን ዜና ዘጠና ሺህ ዓይን አየው፤
እርማቱን ግን አሥራ አንድ ሰው።
ከአሥራ አንዱ አንዷ እናቴ ናት፤
አንዱ እኔው ነኝ፣ መውጣቱን ያየሁት።

ኢሶልዳ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።
«ና» አለችኝ ብቻ፤ ወረድን ወደ ባሕር።

ዶን ኤውሎሂዮ ናዌልኪንን፣ ሰባ ያለፈው፣
ጀልባውን ገልብጦ ሬንጅ ሲቀባ አገኘነው።
«አንቺ ልጅ» አላት፣ እኔን ሳያየኝ፣
«መርዝ አለ ወይስ የለም? ይኸን ንገሪኝ።»
«ዛሬ የለም» አለች፤ «ትናንት ለክቻለሁ።
በጋው ከሞቀ ግን… እሱን አላውቅም። ገና እየፈለግሁ ነው ያለሁ።»

ሽማግሌው ብሩሹን ከጣሳው አፍ ላይ አሳረፈ።
«ታዲያ አለማወቅሽን ከወሬው ላይ ማን ገፈፈ?»

እጄን አነሣሁ፣ እንደ ተማሪ ልጅ።
አልሰደበኝም። ያቀበለኝ ብሩሽ ነው፣ አንድ ጣሳም ሬንጅ።

እስከ ማታ ቀባሁ። ወገቤ እስኪቆረጥ፣ ጥፍሬ እስኪጠቁር።
እሱ ከፊት ከፊቴ እንጨቱን በጣቱ እያንኳኳ፣ ሲያዳምጥ ነበር።
ጤነኛውን ያልፋል፤ የበሰበሰውን በመሮ ይነቅለው፤
እርግጡን ያላወቀውን ስንጥቅ ግን በጠመኔ ከበበው።
«ይኼስ?» ብለው፣
«ውሃ ላይ ስትወርድ እናያለን» አለ፤ «አሁን አላወቅነው።»

ዛሬም ያ ሣጥን ስልሳ ነው፤ አልሰፋም።
ከአምስቱ ነው የምጀምረው፤ ሌላው ባይገባም አልከፋም።
አንባቢው ቀንሷል። አለቃዬ ሁለቴ ጠርቶኛል። ይጥራኝ።
ሬንጁ ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ብሎኝ
ፊደል ስጫን አየዋለሁ። ጀልባዋ ወጥታለች፤ ባሕሩ አያርፍም፤
ያ የጠመኔ ክብ ግን
ምናልባት
አልጠፋም።